ስም ብቻ ቀይሪ

ሰኔ 9 ቀን 2017፣ ሰኞ

ቢሮው ዛሬ ተዘጋ። ፕሮጀክቱ አለቀ ተባልን። ስለ ጉድጓድ ውሃና ስለ እጅ መታጠብ ሪፖርት ስጽፍ ኖሬ መታወቂያዬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። መከፋት ነበረብኝ፤ አልተከፋሁም። ከመገናኛ እስከ ሰፈራችን እስከ መሪ፣ ታክሲው መስኮት ሥር ተቀምጬ ብቻዬን እየሳቅሁ መጣሁ። ከእንግዲህ በራሴ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ ሞቲ ግን አልሳቀም። "ኡርጂ፣ ጽሑፍ እንጀራ ይሆናል?" አለኝ በስልክ። እሱ በሚሠራበት የቤት ሽያጭ ቢሮ፣ ሲኤምሲ፣ አንድ ክፍት ወንበር አለ። እስከ አዲስ ዓመት ሊያስጠብቅልኝ ይችላል። እስከዚያ በጽሑፍ መኖር እንደምችል ካሳየሁት ዳግመኛ አያነሳውም፤ ካላሳየሁት ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ተስማማን።

እማዬን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፌስታሏን ከጎኗ አኑራለች። እኛ አራተኛ ነን። "ደከመሽ?" ስላት "ኧረ ምን ሆኜ! ብሳናውን እያየሁ ነው" አለችኝ። በደረጃው መስኮት በኩል፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣ አንድ የብሳና ዛፍ ይታያል። እዚህ ሁሉ ብሎክ ሳይቆም አባቴ በዳዳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገብስ ያርስበት ከነበረው ማሳ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሰው ቴሌቪዥን እንደሚያይ ነው የምታየው። ሞቲ ሌላ ብሎክ ምድር ቤት አግኝቶላት ነበር፤ ከዚያ ዛፉ አይታይም ብላ እምቢ አለች። ለዛፍ ተብሎ አራት ፎቅ ይወጣል?

ሰኔ 17

ማመልከቻ ላክሁ። ለማስታወቂያ ድርጅት። ለሬዲዮ ፕሮግራም። በቴሌግራም ማር ለሚሸጥ ሰውዬ። የመለሰልኝ ማር ሻጩ ብቻ ነው፦ "እህቴ፣ ማሩ ራሱ ይናገራል።" አባባሏ ጥሩ ማስታወቂያ ይወጣታል። እኔ አላስፈልግም ማለት ነው።

ሰኔ 19

አንድ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ደወለ። እውነተኛ አሳዛኝ ታሪክ ይፈልጋል።

"እውነተኛውን ከየት ላምጣ?"

"ከጭንቅላትሽ። ሰው ማልቀስ አለበት። መጀመሪያ ግን ለሳምፕል ያህል ጥቂት በነጻ ላኪልኝ።"

ማልቀሱን እኔ ልጀምርለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሰኔ 26

ቤኪ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ መገናኛ ባነር ቤት አለው። ሰው የሞተበት ቤተሰብ ፎቶ ለማሳተም እሱ ጋ ይመጣል። ከፎቶው ቀጥሎ የሚጠይቁት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው። ጻፊ የላቸውም፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይጻፍ?

"አንቺ ለምን አትጽፊም?" አለኝ።

"ቤኪ፣ በሰው ሞት ልኑር?"

"ሥራ ነው የጠየቅሽኝ።"

ናሙና በስልኬ ላከልኝ። ሁላችንም ስንት ቀብር ላይ የሰማነው ነው፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እያለ ይሄድና፣ ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ብሎ ይደመድማል። "ስም ብቻ ቀይሪ" አለኝ ቤኪ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ ማታ

ዛሬ ያየሁትን ካልጻፍሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሟቿ ወይዘሮ ሒሩት ይባላሉ፤ ወሰን ሰፈር ዩኒፎርም ሰፊ ነበሩ። ትናንት ልጃቸውን ስጠይቃት "እናቴ ምን ታሪክ አላት፣ ስትሰፋ ኖረች" አለችኝ። ናሙናውን ልሞላ ተነሳሁና እንዲያው አፌ አላርፍ ብሎ "እንዴት ነበር የሚሰፉት?" አልኳት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ የሱሪውን ጫፍ ሁልጊዜ ሰፋ አድርገው ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር አለችኝ፤ የድሃ ልጅ ሲያድግ እንዲለቀቅለት። ወላጅ ሳይጠይቃቸው። ጨርቁን ከራሳቸው ጨምረው።

እሱን ጻፍሁ። ቀብሩ ላይም ሄጄ ከኋላ ቆምሁ። ካፊያ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ እያነበበ እዚያ ጋ ሲደርስ ከፊቴ አንድ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ነካ። ከዚያ ሌላው ነካ። አምላኬ! እኔ ያን ቃል ስጽፍ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። አንዲት ሴት በአንዲት ጠባብ ቤት ተቀምጣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስታሳድግ ኖራለች፤ ማንም አላወቀም፤ እሷም አልተናገረችም። ስንቱ ሰው ነው እንዲህ ሆኖ በአጠገቤ የሚያልፈው? 

ሐምሌ 12

ሥራ በሥራ ላይ! ቤኪ በየቀኑ ይደውላል። አሁን እጄ ተፍታቷል፤ ቤተሰቡን በስልክ እጠይቃለሁ፣ አንዳንዴም አልጠይቅም። ለሞቲ ነገርሁት። "እስቲ እናያለን" አለ። ይየው!

በመጀመሪያው ገንዘብ ለእማዬ ነጠላ ጫማ ገዛሁላት። የድሮው ጠቧታል፤ በክረምት እግሯ ያብጣል። ትልቅ ቁጥር ስለወሰድሁ እንደ ልብ ገባላት፤ ደስ አላት። አራተኛ ትራስም ጠየቀችኝ፤ ቀና ብላ ስትተኛ ይሻላታል። ሐኪም ልውሰድሽ ስላት "ክረምቱ ይውጣ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በዚህ ጭቃ የት ይኬዳል።

ሐምሌ 18

ቤኪ። ወሰን ጋራዥ የነበራቸው አቶ ሰላሙ ዐርፈዋል። ቀብር ነገ ከሰዓት። ልጃቸውን ሲሞንን ደወልሁለት፤ ከኋላው የለቅሶ ድምፅ ይሰማል። "እንደተለመደው አድርጊው፣ እህቴ" አለኝ። የትውልድ ስፍራ፣ የልጆች ስም፣ ጨረስን። እንደተለመደው አደረግሁት። እራት ሳይቀርብ አለቀ።

ሐምሌ 19

ምነው ባልሄድሁ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ልጻፈው። ካልጻፍሁት አይለቀኝም።

የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ የሚያነቡት። ኳየሩ ዘምሮ ጨርሷል። "በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ሲሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርክ ክንዳቸውን ከያዟቸው ሴቶች ነጥቀው ወደፊት መጡ።

"የት?" አሉ። አልጮኹም። "የት አገር ነው የታከመው? ማን አየው? አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ቤት ደጅ ረግጧል?"

ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ቀሩ። ሲሞን መሬት መሬት ያያል። ከጎኔ አንዲት ሴትዮ "አይ ልጆች! አባታቸውን ሳያሳክሙ አሳከምን ብለው አጻፉ" አለች ለጓደኛዋ። ሌላው "ማነው የጻፈው?" አለ። ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን ሸፈንሁ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስም ብቻ ቀይሬ። ሰውዬውን አስከሬኑ ፊት ዋሸሁበት፤ ልጆቹን በሰው ፊት አዋረድሁ።

ሐምሌ 24

ቤኪ፦ "ለጊዜው ይብረድ።" ሞቲ፦ "ሰማሁ። ወንበሩ አለ።" እማዬ ደግሞ እራትሽን ካልበላሽ ብላ ስታስጨንቀኝ አመሸች፤ የራሷን ሳትጨርስ።

ሐምሌ 28

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። ወይዘሮ ሰርክ ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው አቀበት ላይ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ እትዬ። ሳልጠይቅ ጻፍሁ።"

"ታዲያ አሁን ጠይቂኝ" አሉ፣ ወንበር እየሳቡ። "በጳጉሜ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም አለን። ለሱ በደንብ ትጽፊዋለሽ። ያበላሸሽውን አንቺው ነሽ የምታስተካክዪው።"

እሺ ብዬ አለቀስሁ።

ነሐሴ 10፣ ማታ

አራተኛ ጊዜዬ ነው ዛሬ። በሄድሁ ቁጥር ራሴን የምይዝበት አቅቶኝ እመለሳለሁ። 

አቶ ሰላሙ ከከምባታ የመጡት ገና ልጅ ሳሉ ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚያወርድ መኪና ላይ ረዳት ሆኑ። የረዳት ሥራ፣ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ማስገባት ነው፤ ወፍራም ቁራጭ እንጨት። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ሾፌሩ "ዝለል!" ብሎ ራሱ ዘለለ። ሰላሙም ዘለሉ፣ ግን ታኮውን ታቅፈው። ከመኪናው ጋር እየሮጡ ጎማው ሥር ይጥሉታል፤ ይፈናጠራል፤ አንስተው ደግሞ ይሮጣሉ። መኪናው ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ አንድ አጥር ሰብሮ ጓሮ ውስጥ ቆመ።

"እኔ ጎመን እየቀነጠስሁ ነበር" አሉ ወይዘሮ ሰርክ። "ያ ሁሉ እንጨት ፊቴ መጥቶ ቆመ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሆኖ፣ መኪናው ሥር በደረቱ ገብቶ 'ልጅ ነበር እዚህ? ልጅ ነበር?' እያለ ያለቅሳል። አጥሩ ሥር ልጆች ሲጫወቱ ከላይ አይቶ ኖሯል። ማንም አልተነካም፤ ሮጠው ነበር። እሱ ግን አላመነም። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቼ አሳየሁት። በቃ፣ ያን ዕለት ልቤ ሄደ።"

አጥሩን እኔ እሠራለሁ ብለው በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ ይመጡ ነበር። "ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ አጥር!" አሉና ሳቁ። "አባቴ 'ይህ ልጅ አናጢ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው' አለ።"

ዛሬ ስወጣ አጥሩን ነካሁት። ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ! ስንቱ ቆርቆሮ ጀርባ ምን አለ?

ነሐሴ 16

ጋራዡ ሄጄ ሠራተኞቹን አናገርሁ። አቶ ሰላሙ ፍሬኑ ያልተስተካከለ መኪና አይለቁም ነበር። ባለመኪናው "አልከፍልም፣ ስጠኝ" ካለ ቁልፉን የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዚፑን ይዘጋሉ። አንድ ባለ ሚኒባስ ፖሊስ አምጥቶባቸዋል። ፖሊሱ ሲሰማ "በል አንተ አሠራ" ብሎ ባለመኪናውን ተቆጣው አሉኝ። እየሳቁ ጀምረው ሁሉም ዓይናቸውን ጠረጉ።

እማዬ ዛሬም ደረጃው ላይ። አልፌያት ሮጥሁ፤ ሳይጠፋኝ ልጻፈው ብዬ።

ነሐሴ 22

ወይዘሮ ሰርክ ዛሬ ስለ ሕመሙ ነገሩኝ።

"ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብሎ ያድራል። በላብ የራሰውን አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። እንሂድ ስለው 'ክረምቱ ይውጣ' ይለኛል። ክረምቱ ሲወጣ 'ሲሞን ይዳር'። ሲሞን ሲዳር 'ጋራዡ ይረጋጋ'። የሰው መኪና ሳይፈትሽ አይለቅም፤ ራሱን ግን ለቀቀው። እሱን ጻፊልኝ፣ ልጄ። እንዳልታከመ ጻፊ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ቤቱ አንድ 'ክረምቱ ይውጣ' የሚል አለው።"

ሲሞን በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። "እማ፣ ሰው ምን ይለናል? አንዴ መዋረዳችን አይበቃም?" አለ። ወደ እኔ ዞሮ "ይህን ከጻፍሽ አላነበውም። ማንም አያነበውም" አለኝ። ፕሮግራሙን የሚመራው እሱ ነው። አዲስ ዓመት ደርሷል፤ ይህ ካልተነበበ ሌላ ማን ይጠራኛል?

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጣ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ደክሞኛል።

ነሐሴ 27

ሁለት ዓይነት አድርጌ ጻፍሁት። አንዱ ሲሞን የሚወደው ነው፤ ሥራውን ያተርፍልኛል። ሌላው እሳቸው ያሉት። የመጀመሪያውን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ያማረ ነው፤ ውስጡ ግን ሰውዬው የለም። ሰረዝሁት። ሁለተኛውን ላክሁ።

ሲሞን አይቶታል። አልመለሰም።

ጳጉሜ 1

አልመለሰም። ሞቲ፦ "ሐሙስ አዲስ ዓመት ነው።" አውቃለሁ!

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

እማዬ "እኔም ልስማው" ብላ አብራኝ መጣች። እስከ ታክሲው ሁለት ቦታ ዐረፈች። ሞቲም መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ሊሰማ ሳይሆን ወንበሩን ሊያስታውሰኝ መስሎኝ ነበር።

ሲሞን ወረቀት ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። የትኛው ወረቀት እንደሆነ አላውቅም። እናቱን አያቸው። ከዚያ "አባቴ ታኮ ጣይ ነበር" ብሎ ጀመረ። የኔ ነው! አጥሩ ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ቁልፉ ጋ ሲደርስ አንድ ሰውዬ "እኔ ነኝ ፖሊስ ያመጣሁት!" ብሎ ከመሐል ተነሳና ቆሞ ቀረ። መጨረሻው ላይ ሲሞን ድምፁ ተሰበረ። "አባቴ አልታከመም። እኛም አጥብቀን አልያዝነውም። 'ክረምቱ ይውጣ' ይለን ነበር፤ ደስ እያለን አመንነው።"

 እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም። ፈራሁት። ቃል እንዲህ ከባድ ነገር ነው?

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእማዬ እጅ እጄን ያዘ። ቀዝቃዛ ነበር። "ኢንተላ ኮ" አለችኝ በጆሮዬ፤ ልጄ ስትለኝ በኦሮምኛ ነው። "ነገ ውሰጂኝ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ሲከነክነኝ የነበረው እሱ ነው። ያንን ቃል ጽፌዋለሁ፣ አርሜዋለሁ፣ ነጠላ ሰረዙን እንኳ አስተካክያለሁ። ከማን አፍ በየቀኑ እንደምሰማው ግን አልሰማሁም። እግሯ ሲያብጥ ሰፊ ጫማ ገዛሁላት! ትራስ ደረብሁላት!

ስንወጣ ዱቤ የሚባሉ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው "የኔን አሁን ጻፊልኝ፤ እኔ እየሰማሁት" አሉኝ። ሌሎችም ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ። ሞቲ ወንበሩን ለሌላ ሰው እንደሰጠው ነገረኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ፣ ሆስፒታል

የአስታማሚ ወንበር ላይ ሆኜ በስልኬ ነው የምጽፈው። እማዬ አልጋ አግኝታለች። ሐኪሙ እግሯን በጣቱ ተጫነው፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። ልቧ ነው። "ዘግይታችኋል፤ ግን አልመሸም" አለ። የመጨረሻዋን ቃል እንደ ሞኝ ደግሜ አስባልሁት።

ከዚያ ነርሷ መጣች። ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቦታ። ሁሉንም እኔ ነበርሁ የምመልስላት፤ እናቴን የማውቃት እኔ ነኛ።

"ስንት ወልደዋል፣ እማማ?"

"ሁለት" ልል አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

"አምስት።"

"በሕይወት ያሉት?"

"ሁለት።"

ነርሷ ጽፋ ሄደች።  የስንት ሰው ታሪክ ስለቅም የከረምሁ ሴት! አንድ ነርስ ስትቸኩል የጠየቀቻትን በሕይወቴ ጠይቄያት አላውቅም።

"እማዬ፣ ሦስቱስ?"

ወደ ጣሪያው አየች። "ከሞቲ በፊት ናቸው። የመጀመሪያዋ ስም ሳይወጣላት ሄደች። ያኔ ብሳናው ቁመቱ እዚህ ድረስ ነበር" አለችኝ፣ እጇን ከአልጋው ከፍ አድርጋ። "አባትሽ ከሥሩ አሳረፋት፤ ጥላው ይሁናት አለ።"

ሌላ አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋትም። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ፌስታሏን ከጎኗ አኑራ፣ በየቀኑ ታያት ኖሯል። እኔ በአጠገቧ እየሮጥሁ አልፋለሁ።

"ሁለተኛውስ?" አልኳት።

ፊቷ በራ። "ውይ እሱ! እሱ እንኳ ስም ነበረው። ሳቂታ ነበር፤ እንዴት ያለ ልጅ መሰለሽ…"

ስልኬ ጠራ። ቤኪ ነው፤ ሥራ ነው። አላነሳሁትም። እማዬ ገና ሁለተኛው ላይ ነበረች።